«የቁጣ ወይን»ን በሰፈር የንባብ ክበብ ለማንበብ፦ ከከተማ ዳርቻ የተጻፈ መመሪያ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚነሣበት ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ሲሉ፣ የመጨረሻው የኮንዶሚኒየም ብሎክ ባበቃበት ቦታ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ይጀምራል። እኛ እሑድ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የምንሰበሰብበት የእድር ቤት የሚገኘው በዚሁ ወሰን ላይ ነው። በአንዱ መስኮት ልብስ የተሰጣበት በረንዳ፣ በሌላው መስኮት በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ይታያል። አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተመውንና እኛ በአማርኛ «የቁጣ ወይን» እያልን የምንጠራውን ልብ ወለድ አንብበን የጨረስነው እዚህ ቤት ውስጥ ነው። በከተማዋ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች ተመሳሳይ ክበብ ያቋቋሙ ወይም ሊያቋቁሙ ያሰቡ ሰዎች ይህን መጽሐፍ እንዲያነቡት ስለምፈልግ፣ ሲያነቡትም እኛ መጀመሪያ ላይ የሠራነውን ስሕተት እንዳይደግሙት ስለምመኝ ይህን መመሪያ ጽፌአለሁ።

ስሕተታችን ጊዜ ለመቆጠብ ብለን አጫጭሮቹን ምዕራፎች መዝለላችን ነበር። መጽሐፉ 30 ምዕራፎች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ 14ቱ ከኦክላሆማ መሬቱ ተፈናቅሎ ወደ ካሊፎርኒያ የሚሰደደውን የጆድ ቤተሰብ ታሪክ ይተርካሉ፤ የቀሩት 16ቱ ግን ጆዶችን በስም አይጠሩም። ስለ አቧራው፣ ስለ ትራክተሩ፣ ስለ አሮጌ መኪና ሻጮች፣ መንገድ ስለሞላው ሕዝብ፣ እንዲበሰብስ ስለተደረገው ፍራፍሬ ይናገራሉ። ታሪኩን ብቻ የሚከተል አንባቢ እነዚህን እንደ ማቋረጫ ሊቆጥራቸው ይችላል፤ እኛም ቆጥረናቸው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን በእጃችን የቀረው የአንድ ቤተሰብ መከራ ብቻ መሆኑን አየን፤ መከራው ከየት እንደመጣ ሊነግረን የሚችለውን ግማሽ አካል ቆርጠን ጥለነዋልና። ስለዚህ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እንደገና ጀመርን። የዚህ መመሪያ ዋና ምክር ይኸው ነው፦ ጊዜ ካጠረዎት የጆዶችን ምዕራፎች አንድ ሰው አሳጥሮ ይተርክ፤ አጫጭሮቹ ምዕራፎች ግን ጮክ ተብለው ቃል በቃል ይነበቡ።

ከመጀመርዎ በፊት

በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ደራሲውና ስለ ዘመኑ ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ መግቢያ ይስጡ። ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1902 በካሊፎርኒያ ሳሊናስ በምትባል የእርሻ ከተማ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1936 አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ በካሊፎርኒያ እርሻዎች ተበትነው ስለሚንከራተቱ ተፈናቃዮች እንዲጽፍ አዝዞት ሰባት ተከታታይ ጽሑፎችን አቀረበ። በዚያ ሥራው ቶም ኮሊንስ ከሚባል፣ መንግሥት ለተፈናቃዮች ያቋቋመውን ካምፕ ከሚያስተዳድር ሰው ጋር ተዋወቀ፤ በኋላም ልብ ወለዱን ለባለቤቱ ለካሮልና ለዚሁ ሰው መታሰቢያ አደረገው። ረቂቁን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1938 በአምስት ወር ገደማ ውስጥ ነው። መጽሐፉ በ1940 የፑሊትዘር ሽልማትን አገኘ፤ ደራሲው በ1962 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማትን ተቀበለ። ይህን ያህል ይበቃል፤ የሕይወት ታሪኩ ከረዘመ ሰው መጽሐፉን ሳይከፍት ይደክማል።

ርእሱን ግን ጊዜ ወስደው ያብራሩት፤ ለእኛ አንባቢ ቅርብ ነውና። ቃሉ የተወሰደው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ከተጻፈ መዝሙር ሲሆን፣ የመዝሙሩ ሥር ደግሞ የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 14 ነው፦ የምድር ወይን ተቆርጦ ወደ እግዚአብሔር ቁጣ መጥመቂያ ሲጣል። በመጽሐፉ 25ኛ ምዕራፍ ድሆች እየተራቡ ብርቱካን ነዳጅ ሲፈስበት፣ ቁጣው በሰዎች ነፍስ ውስጥ እንደ ወይን ዘለላ እየፋፋ ለለቀማ እየደረሰ ይሄዳል። ከአባላትዎ መካከል የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረ ሰው ካለ ክፍሉን እንዲያነብ ይጋብዙት፤ የእኛ ክበብ በእውነት የተነቃቃው ያን ጊዜ ነበር።

አከፋፈሉን በተመለከተ ለእኛ የሠራው ከምዕራፍ 1 እስከ 6፣ ከ7 እስከ 11፣ ከ12 እስከ 18፣ ከ19 እስከ 22፣ ከ23 እስከ 26፣ በመጨረሻም ከ27 እስከ 30 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ኦክላሆማ ውስጥ፣ ሦስተኛው መንገድ ላይ፣ የቀሩት ካሊፎርኒያ ውስጥ ይውላሉ።

ስለ ቋንቋው አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ጆዶች የሚናገሩት የገጠር ሰው እንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉም ሆነ ሰዋስውው እንደ አነጋገራቸው ተጽፏል። እንግሊዝኛውን አንብቦ በአማርኛ የሚተርክላችሁ ሰው ይህን ንግግር ለማሳቅ ብሎ የገጠር አማርኛ አስመስሎ እንዳያወራው። እናትየው ቤተሰቧን በአንድ ቃል የምትመራ፣ ተናግራ የምታሳምን ሴት ናት፤ አንደበቷ መሳቂያ ከሆነ ሥልጣኗ ይጠፋል። እኛ ያደረግነው የየራሳችን እናቶች ቁም ነገር ሲናገሩ በሚናገሩበት አማርኛ መተረክ ነበር።

የትራክተሩ ምዕራፍ

ከመጽሐፉ ሁሉ አንድ ምዕራፍ ብቻ ምረጥ ብባል አምስተኛውን እመርጣለሁ። ትራክተር የሚነዳው ሰው መነጽርና የአቧራ መከላከያ አድርጎ ከብረት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እኩለ ቀን ላይ ሞተሩን አጥፍቶ በወረቀት የተጠቀለለ ምሳውን ሲፈታ፣ ቡትቶ የለበሱ የጭሰኛው ልጆች የተጠበሰ ሊጥ እየበሉ ቀርበው ዳቦውን በዐይናቸው ይከተላሉ። ከዚያ ጭሰኛው ይመጣና ባለ ትራክተሩን ያውቀዋል፤ የሌላ አገር ሰው አይደለም፣ የጎረቤት ልጅ ነው። ለምን የገዛ ወገንህ ላይ ትሠራለህ ሲለው፣ በቀን 3 ዶላር እንደሚያገኝና የሚያበላቸው ሚስትና ልጆች እንዳሉት ይመልሳል። ጭሰኛውም ለዚያች 3 ዶላር ሲባል መቶ የሚጠጋ ሰው መንገድ ላይ መውጣቱን ይነግረዋል። ቤቴን ብትነካ እተኩስብሃለሁ ሲለው ባለ ትራክተሩ እኔን ብትገድል ሌላ ሰው ይመጣል ይላል። ታዲያ ያዘዘህን ልግደል ሲል፣ ያ ሰው ደግሞ ከባንኩ ትእዛዝ እንደተቀበለ፣ ባንኩም ከሩቅ ከምሥራቅ እንደታዘዘ ይሰማል። ጭሰኛው ማንን እንደሚተኩስ ግራ ይገባዋል። በመጨረሻም ትራክተሩ የቤቱን ማዕዘን ነክሶ ግድግዳውን ያፈርሰዋል፤ ሰውየው ጠመንጃውን እንደያዘ፣ ሚስቱና ልጆቹ ከጎኑ እንደቆሙ በዐይናቸው ይሸኙታል።

ይህ ክፍል ሲነበብ ሁለት ጥሩ አንባቢዎች ይመድቡ፤ አንዱ ጭሰኛውን፣ ሌላው ባለ ትራክተሩን ያንብብ። ከጨረሱ በኋላ «ጥፋተኛው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ዝምታው ቢረዝምም አይሙሉት። በእኛ ቤት ዝምታውን የሰበረው በግንባታ ቦታ ኤክስካቫተር የሚነዳ አንድ ወጣት አባላችን ነበር። «እኔም ምሳዬን የምበላው ጀርባዬን አዙሬ ነው» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከማሳው ወገን የሚመጡ አንድ አዛውንት ወደ እርሱ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ጥያቄው ወዳንተ አይደለም፤ ካንተ በላይ ወዳለው ነው» አሉት። ቀጥለውም በወጣትነታቸው ጭሰኛ እንደነበሩ፣ የእርሳቸው ባለርስት ግን ፊት እንደነበረው፣ ደጅ የሚጠናበት በርና የሚለመንበት ስም እንደነበረው፣ የዚህ መጽሐፍ ሰውዬ ግን ደጅ የሚጠናው እንኳ እንዳጣ ተናገሩ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የምዕራፉን ፍሬ ነገር እንዲህ አጥርቶ የገለጸ ሰው አልሰማሁም። ስታይንቤክ ባንኩን ጭራቅ ይለዋል፤ ሰዎች ሠሩት እንጂ ሰዎች አይገዙትም ይላል። የመጽሐፉ ትልቁ ጭብጥ ይህ ፊት የሌለው ኃይል ነው።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ታሪክ መሻገር ቀላልና አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን በልክ ይሁን። ጆዶች የመሬቱን ባለቤትነት አጥተው የምርቱን ድርሻ እየከፈሉ የሚያርሱ ሰዎች ናቸው፤ እኛ እኩል አራሽ ወይም ሲሶ አራሽ ከምንላቸው ጋር ይመሳሰላሉ። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በአርሲ በጭላሎ አውራጃ በስዊድን ርዳታ የግብርና ልማት ሲስፋፋ፣ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ከመሬት ማስለቀቃቸው ለአምስተኛው ምዕራፍ የቀረበ ምሳሌ ነው። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው መውጣታቸውን፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ መታወጁን አባላት ያስታውሳሉ። ሆኖም በኦክላሆማ የሆነውና በአርሲ የሆነው አንድ አይደለም። በዚያ መሬቱን የወሰደው ብድር፣ ድርቅና የጥጥ ዋጋ መውደቅ ተደራርበው ነው። ልዩነቱን በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉት። «ይህ የእኛው ታሪክ ነው» ብሎ ቶሎ የደመደመ ክበብ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ማንበብ ያቆማል፤ የራሱን ሐዘን ብቻ ያነብባል።

ከ«እኔ» ወደ «እኛ»

በሁለተኛው ሳምንት ሰዎቹ ዕቃቸውን በርካሽ ሸጠው የቀረውን በግቢያቸው የሚያቃጥሉበት ዘጠነኛው ምዕራፍ ይደርሳል። አከታትሎም እናትየው ብቻዋን ደብዳቤና ፎቶግራፍ የምታኖርበትን ሳጥን ከፍታ፣ ጥቂት ጌጣጌጥ አስቀርታ ሳጥኑን እሳት ውስጥ የምታስቀምጥበት ትዕይንት አለ። ይህን ካነበቡ በኋላ እያንዳንዱ አባል ወደዚህ ሰፈር ሲመጣ ያመጣውንና የተወውን አንድ አንድ ዕቃ እንዲናገር ይጋብዙ። ከመሀል ከተማ በልማት ተነሥተው አራተኛ ፎቅ ላይ የገቡ አንዲት እናት ሙቀጫቸውን ነገሩን፤ ይዘውት መጥተው ነበር፤ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ከታች ያለው ጎረቤት ስለሚጨነቅ ይኸው ዛሬ የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል። ማንንም እንዲናገር አያስገድዱ። ዝርዝሩ ራሱ ይበቃል።

በ14ኛው ምዕራፍ ሁለት ቤተሰብ መንገድ ዳር ጎን ለጎን ይሰፍራል፤ ያን ጊዜ «መሬቴን አጣሁ» የሚለው «መሬታችንን አጣን» ወደሚለው ይለወጣል። ይህን በአማርኛ ሲያነቡ ልብ ይበሉ፦ ለውጡ ከቃሉ መጨረሻ ላይ የተጨመሩ ጥቂት ፊደላት ናቸው፤ መጽሐፉ በሙሉ የቆመው ግን በእነርሱ ላይ ነው። ሰባኪነቱን የተወው ጂም ኬሲ የሚያስተምረው ይህን ነው፤ ቶም ጆድም በ28ኛው ምዕራፍ ከእናቱ ሲለይ ከኬሲ የሰማውን የመጽሐፈ መክብብ ቃል ይጠቅሳል፦ አንድ ከመሆን ሁለት መሆን ይሻላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የእኛ አባባል ከዚህ ጋር መቅረቡ ግልጽ ነው። ቢሆንም መጽሐፉ ማበር ዋጋ እንደሚያስከፍል አይደብቅም፤ ኬሲ የሚገደለው ሠራተኞችን ስላስተባበረ ነው።

የቅዱስ መጽሐፉን ምልክቶች አባላት ራሳቸው እንዲያገኙ ይተዉላቸው። ቤተሰቡ ሲነሣ አሥራ ሁለት ነው፤ ኬሲ ሲጨመር አሥራ ሦስት ይሆናል። የታላቋ ሴት ልጅ ስም ከመኃልየ መኃልይ የተወሰደው «የሳሮን ጽጌረዳ» ነው። ጉዞው የዘፀአትን መንገድ ይከተላል፤ የተስፋይቱ ምድር ግን አጥርና ጠባቂ አላት። በመጨረሻም የሞተው ሕፃን በሳጥን ሆኖ በጎርፍ ላይ ሲለቀቅ፣ ሙሴን ያዳነችው ሣጥን ተገልብጣ ትታያለች።

ስለ ሥራ ፍለጋው የሚናገሩትን ክፍሎች ማብራራት አያስፈልግም ማለት ይቻላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሠራተኛ እንደሚፈለግ የሚያውጅ ወረቀት ይበተናል። በ16ኛው ምዕራፍ ሁሉን ያጣ አንድ ሰው ሒሳቡን እንዲህ ያስረዳል፦ አሠሪው 800 ሰው ይፈልጋል፣ 5,000 ወረቀት ያሳትማል፣ 20,000 ሰው ያየዋል፤ የተራበ ሰው በበዛ ቁጥር የቀን ሒሳቡ ይወርዳል። ማለዳ መገናኛው ላይ አካፋና ዶማ ይዘው የሚጠብቁትን፣ ደላላ በስልክ ጠርቷቸው ከሩቅ ገጠር የመጡትን የሚያውቅ ሰው ይህን በአንድ ጊዜ ይረዳዋል። ሒሳቡን ብቻ በሰሌዳ ይጻፉ።

17ኛውን ምዕራፍ ግን አያሳልፉት። ተፈናቃዮቹ ማታ ማታ በየሰፈሩበት ትንሽ ዓለም ይሠራሉ፤ ሕግ ያወጣሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ሕፃን ሲሞት በድንኳኑ ደጃፍ የሳንቲም ክምር ያድጋል። እኛ ይህን ያነበብነው የእድሩ ድንኳንና ወንበሮች ተደራርበው በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ ነበር። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው ማኅበር ከየት እንደሚወለድ ስታይንቤክ ኢትዮጵያን ሳያውቅ ጽፎታል ለማለት እደፍራለሁ። በ22ኛው ምዕራፍ ነዋሪዎቹ በመረጧቸው ኮሚቴዎች የሚተዳደረው የመንግሥት ካምፕ ሲመጣ ይህን ውይይት ይቀጥሉበት።

ጨለማው ከበዛባችሁ 15ኛው ምዕራፍ አለ። መንገድ ዳር ባለች ምግብ ቤት አንድ መንገደኛ በ10 ሳንቲም ዳቦ ለመግዛት ይለምናል፤ የዳቦው ዋጋ 15 ነው። አስተናጋጇ ታመነታለች፣ ወጥ ቤቱ ስጪው ይላታል። ከዚያ ሁለቱ ልጆቹ ዐይናቸውን የጣሉባቸውን ከረሜላዎች ሁለቱን በአንድ ሳንቲም ትሰጣቸዋለች፤ እያንዳንዱ 5 ሳንቲም መሆኑን የምናውቀው ቤተሰቡ ከሄደ በኋላ ነው። ይህን ያዩ የከባድ መኪና ሾፌሮች ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ጠቀም ያለ ጉርሻ ትተው ይወጣሉ።

ተጽዕኖውን እንዴት እናስረዳ

ስለ መጽሐፉ ዘላቂ ተጽዕኖ ሲነገር ማጋነን ይበዛል፤ ስለዚህ የተረጋገጠውን ብቻ ይንገሩ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ ከሁሉ በላይ የተሸጠ ልብ ወለድ ነበር። ትልልቅ ገበሬዎች ሐሰት ነው ብለው ተነሡበት፤ የታሪኩ አንድ ክፍል የሚፈጸምበት በካሊፎርኒያ ያለው የከርን አውራጃ አስተዳደር በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ከቤተ መጻሕፍቱና ከትምህርት ቤቶቹ አገደው፤ እገዳው የተነሣው በጥር 1941 ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ግሬቸን ክኒፍ እገዳውን በጽሑፍ ተቃውማለች። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ካምፖቹን ጎብኝታ ደራሲው እንዳላጋነነ መስክራለች። በ1940 ጆን ፎርድ ፊልም አደረገው፤ በዚያው ዓመት ዉዲ ገትሪ ስለ ቶም ጆድ ዘፈነ፤ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ደግሞ በ1995 ይህንኑ ስም እንደገና አነሣው። አሜሪካውያን ጆዶች የተጓዙበትን 66 ቁጥር መንገድ እስከ ዛሬ «እናት መንገድ» የሚሉት ከዚህ መጽሐፍ ወስደው ነው።

ሕግን በተመለከተ ግን ይጠንቀቁ። በ1935 የወጣው የአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ የእርሻ ሠራተኞችን ወደ ጎን ትቶ ነበር፤ ካሊፎርኒያ የእርሻ ሠራተኞች ተደራጅተው እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። መጽሐፉ ከወጣ 36 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ልብ ወለድ የሰውን ዐይን ይከፍታል፤ ሕጉን ያስወጣው የሠራተኞቹ የዓመታት ትግል ነው።

ፊልሙን መጽሐፉን ሳይጨርሱ አያሳዩ። የክፍሎቹን ቅደም ተከተል ለውጦ በተስፋ ንግግር ስለሚዘጋ፣ የመጽሐፉን መጨረሻ ቀድሞ ይሸፍነዋል።

ጉድለቶቹንም አይሸሽጉ። ጆዶች የተነሡባት ሳሊሶ በኦክላሆማ ምሥራቅ ያለች ስትሆን፣ ታላቁ የአቧራ ማዕበል ከመታው ከምዕራቡ ጫፍ ሩቅ ናት። ከዚህ የሚከብደው በካሊፎርኒያ እርሻዎች ለዓመታት የሠሩት የሜክሲኮና የፊሊፒንስ ሰዎች በመጽሐፉ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። በተጨማሪም ሳኖራ ባብ የምትባል ደራሲ በእነዚያው ካምፖች ከኮሊንስ ጋር ሠርታ፣ ስለ እነዚያው ሰዎች ልብ ወለድ ጽፋ ነበር፤ የስታይንቤክ መጽሐፍ ቀድሞ በመውጣቱ አሳታሚዋ ተወው፣ የታተመውም እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እኛ ለዚህ ሙሉ ግማሽ ሰዓት ሰጥተን የማን ታሪክ እንደሚታተም፣ የማን ሳጥን ውስጥ እንደሚቀር ተነጋግረናል። ሰዓቱ አነሰን።

የመጨረሻው ስብሰባ

መጨረሻው በየክበቡ ክርክር ያስነሣል። ልጇ ሞቶ የተወለደባት የሳሮን ጽጌረዳ፣ ጎርፍ ባስገባቸው ጎተራ ውስጥ በረኀብ ሊሞት የደረሰ የማታውቀውን ሰው ጡቷን ታጠባዋለች። አሳታሚው ይህን እንዲለውጥ ስታይንቤክን ለምኖት ነበር፤ እርሱ ግን ሰውየው የማይታወቅ እንግዳ መሆን እንዳለበት ገልጾ እምቢ አለ። ወጣትና አዛውንት በተቀላቀለበት ክበብ ክፍሉን አንዲት ጎልማሳ ሴት እንድታነበው ያድርጉ፤ አስቀድመው ምን እንደሚመጣ ይናገሩ፤ ማንም በኀፍረት እንዳይስቅ። ከዚያም «የጡት ልጅ» እና «የጡት አባት» የሚሉትን ቃላት ያንሡ። ዝምድና በደም ብቻ እንዳልሆነ፣ በጡትም እንደሚታሰር አባቶቻችን ያውቁ ስለነበር፣ ትዕይንቱ ለእኛ ሰው ከሚጠበቀው በላይ ቅርብ ነው። እናቶቹ ይህን ከእኔ ቀድመው አዩት።

ውይይቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ አባል በሚቀጥለው እሑድ አንድ ገጽ ጽፎ እንዲመጣ ይጠይቁ፤ እንደ አጫጭሮቹ ምዕራፎች፣ በ«እኛ» ድምፅ፣ ስለዚሁ ሰፈር። ማለዳ መገናኛው ላይ ስለሚቆሙት፣ ውኃ በፈረቃ ስለሚጠብቁት፣ ከማሳው ጫፍ ስለሚያርሱት ሊሆን ይችላል። የማንም ሰው ስም አይጻፍ። የቀን ሒሳቡ፣ የቤት ኪራዩና የዳቦው ዋጋ ግን ሳይዛባ በአኃዝ ይጻፍ።